ከሠረገላው መውረድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 የተጻፈው የንዕማን ታሪክ ለእኛ ለስደተኞች የቀረበ ነው። ንዕማን የሶርያ ንጉሥ የሠራዊት አለቃ ሲሆን ለምጽ ነበረበት። የመዳኑን መንገድ ያመለከተችው ከእስራኤል ተማርካ በቤቱ የምታገለግል፣ ስሟ እንኳ ያልተጻፈ ታናሽ ብላቴና ናት።

ንዕማን 10 መክሊት ብር ይዞ፣ በፈረስና በሠረገላ ታጅቦ ከኤልሳዕ ደጅ ቆመ። ነቢዩ ግን ወጥቶ አልተቀበለውም፤ በዮርዳኖስ 7 ጊዜ ይታጠብ ዘንድ መልእክተኛ ላከበት። ንዕማን ተቆጣ፤ የደማስቆን ወንዞች አባናንና ፋርፋን አስታወሰ። ትዕቢት ከባዱን ነገር አይፈራም፤ የሚከብደው ቀላሉ ነው። ይህንንም ያስገነዘቡት አገልጋዮቹ ናቸው።

እኛም በየልባችን አባናና ፋርፋ አሉን፤ በአገር ቤት የነበረን ማዕርግ፣ የተማርንበት ዩኒቨርሲቲ፣ የቆጠርነው ቅኔ። በሰበካ ጉባኤ ስንከራከር የምናስቀድመው እነዚህን ነው። ይህን የምንጽፍ እኛ ራሳችን አንድ ወጣት ዲያቆን የሰጠንን ትክክለኛ እርማት፣ «ልጅ ነው» ብለን ንቀን፣ ዐቢይ ጾምን ሙሉ ተኳርፈን አሳልፈናል። ስግደቱና ጾሙ አልከበደንም፤ ከዮርዳኖስ የጠለቀ ሆኖ የታየን «ይቅር በለኝ» የሚለው ሁለት ቃል ነበረ።

ንዕማን ታዝዞ ወደ ውኃው ወረደ፤ ሥጋውም የሕፃን ገላ መሰለ። ታላቁ አለቃ የዳነው ታናሿን ብላቴና በመምሰል ነው። እንግዲህ ያስቀየምነው ወንድም ቢኖር ከቅዳሴ በፊት ሄደን እንታረቅ። በዚያው በዮርዳኖስ በባሪያው እጅ የተጠመቀው ጌታ ትሕትናውን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።