ባለ አንድ ዓይን ጠላት

በአብያተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ያሉትን የቆዩ ሥዕሎች ልብ ብለን ተመልክተናቸው እናውቃለን? የጥንት ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ሲሥሉት፥ ክፉውን ግን ወደ ጎን አዙረው ባንድ ዓይን ብቻ ይሥሉት ነበር። የዐድዋን ጦርነት በሚያሳዩት በብዙዎቹ ሥዕሎችም ይኸው ልማድ ይታያል፤ የኢትዮጵያ ሠራዊት ሙሉ ፊት አለው፥ የኢጣልያ ወታደር ግን ያለው ግማሽ ፊት ነው። ሥዕሉን የሚያይ ሕፃን ፊደል ሳይቆጥር ማንን መውደድ፥ ማንን መጥላት እንዳለበት ይማራል።

ይህ ልማድ በግድግዳ ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በሲኒማ ቤት፥ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልካችን የምናየው አብዛኛው የጦርነት ፊልም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ካሜራው ወደ ጀግናው ፊት ተጠግቶ ላቡንና እንባውን ያሳየናል። በጀግናው ጥይት የሚወድቁት ግን ከሩቅ ይወድቃሉ፤ ስም የላቸውም፥ የምታለቅስላቸው እናትም የለችም። በመጨረሻም የዓመታት ጠብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ባንድ ሰው ክንድ ያበቃል። ከዚህም የተነሣ ሳናውቀው ሁለት ትምህርት ይዘን እንወጣለን፤ አንደኛው፥ ጠብ ማለት የሙሉ ሰውና የግማሽ ሰው ግጥሚያ ነው የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው፥ መሪ ማለት ሳይጠይቅና ሳይመክር ፈጥኖ የሚመታ ሰው ነው የሚል ነው።

«ፊልም መዝናኛ ነው፤ ማን ከልቡ ያምነዋል?» የሚል አይጠፋም። እኛም እንደዚያ እናስብ ነበር። ነገር ግን በመካከላችን የመዝሙር ክፍል ኃላፊ ስንመርጥ ምን ሆነ? በሁለት ወገን ተከፈልን። የሁለቱንም ወገን ቃል በትዕግሥት ይሰማ የነበረውን ወንድማችንን «ወኔ የለውም፥ ለመሪነት አይሆንም» አልነው። ድምፁ ከፍ ያለውንም መረጥን። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለት እኅቶቻችን ቀርተዋል፤ ለምን እንደ ቀሩ ግን አንዳችንም ቤታቸው ሄደን አልጠየቅንም። ይህን ፍርድ ከወንጌል አልተማርነውም።

ዳዊት ጎልያድን እንደ ጣለው ከሕፃንነታችን ጀምሮ በመዝሙርም በድራማም እናውቃለን። ይኸው ዳዊት በዓይንጋዲ ዋሻ ሊገድለው የሚያሳድደውን ሳኦልን አግኝቶ የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆርጦ እንደ ተወው፥ አባቴ ብሎም እንደ ጠራው የሚያሳይ ድራማ ግን ስንት ጊዜ ሠርተናል?

ለመሆኑ የባላጋራን ሙሉ ፊት ማየት መሪን ያደክመዋልን? በጥር ወር 1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በመቀሌ ምሽግ ውስጥ ተከቦ ነበር። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ በተያዘ ጊዜ የተከበቡት በጥም ተጨነቁ። ዐፄ ምኒልክ ሊፈጁአቸው ሲችሉ፥ ዕርቅን ፈልገው መሣሪያቸውን እንደ ያዙ እንዲወጡ ፈቀዱላቸው። ይህ ምሕረት ዋጋ አላስከፈለም አንልም፤ የምሽጉ አዛዥ ጋሊያኖ በዐድዋ እንደ ገና ሊወጋ መጥቶ እዚያው ሞቷል። ይሁንና ምሕረቱ የድካም ምልክት እንዳልነበረ የካቲት 23 ቀን ታይቷል። በመቀሌ የራሩትና በዐድዋ ድል ያደረጉት ንጉሥ አንድ ናቸው። የምናከብረው ግን የዐድዋውን ቀን ነው፤ የመቀሌውን ከመካከላችን ስንቶቻችን ሰምተነዋል?

እንግዲህ ፊልም አንይ፥ ተረት አንስማ ማለታችን አይደለም። ክፋት የለም ማለታችንም አይደለም፤ ሙሉ ፊት ያለው ሰውም ክፉ ሊሠራ ይችላልና። የምንለው፥ ሠዓሊው የደበቀውን ሁለተኛውን ዓይን እንፈልግ ነው። ፊልም ስናይ ከሩቅ የወደቀው ሰው ማን ነበር ብለን እንጠይቅ። በሚመጣው በዓል የዋሻውን ድራማ እንሥራ። ከዚያ በፊት ግን፥ በዚህ ሳምንት፥ የሁለቱን እኅቶቻችንን በር እናንኳኳ፤ ገብተንም ከመናገራችን በፊት እንስማቸው።