ከሌላ ሰፈር የመጣው ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ ላቀርብላችሁ ያሰብኩት ነገር በጉባኤያችን ብዙ ጊዜ የሚነሣ አይደለም። ስለ ሃሎዊን ሲነገር የምንሰማው ክርስቲያን ሊያከብረው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ነው። የመናፍስትና የጠንቋይ ምስል ለብሶ መዞር እንደማይገባን መምህራኖቻችን አስተምረውናል፤ እኔም በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም። ነገር ግን እኛ ብናከብረውም ባናከብረውም በዚህ በአሜሪካ የምንኖር ሁሉ በዚያች ምሽት ደጃችን ይንኳኳል። የሚያንኳኳውም ልጅ የጎረቤት ልጅ ላይሆን ይችላል። ከሌላ ሰፈር በመኪና የመጣ፣ ከዚህ በፊት ያላየነው ልጅ ሲሆን ምን እናደርጋለን? የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ የምጽፈውም እንደ መምህር ሳይሆን እንደ በደለኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 እኔ የዘጠኝ፣ ታናሽ ወንድሜ የስድስት ዓመት ልጆች ነበርን። የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከትልቅ ጎዳና ዳር በሚገኝ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። የሕንፃው የታችኛው በር ሁልጊዜ ይቆለፋል፤ ከውጪ ደግሞ መኪና የሚበርበት ባለ ስድስት መሥመር መንገድ ነው። በዚያ ላይ ልጅ ይዞ በጨለማ ከቤት ቤት መዞር የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ እናቴ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር ተነጋግራ፣ በሴትዮዋ መኪና አሥራ አምስት ደቂቃ ተጉዘን፣ ቤቶቹ የተጠጋጉ፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፊ፣ ዛፉ የበዛ ሰፈር ወሰዱን። የሃሎዊን ልብስ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረም። እናቴ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ስለነበር የሥራ ልብሷን እጅጌውን አጥፋ አለበሰችኝና «አንተ ዶክተር ነህ» አለችኝ። ወንድሜን ነጠላ አጣፍታ፣ ከካርቶን የተቆረጠ ዘውድ ጭና ንጉሥ አደረገችው። የከረሜላ መያዣችን የትራስ ልብስ ነበር።

አራት ቤቶች በደስታ ተቀበሉን። በአምስተኛው ቤት አንድ ሽማግሌ ከፈቱልን። ሳህኑን ዘረጉልን፤ ከዚያም መልሰው ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉትና «የምትኖሩት የት ነው?» ብለው ጠየቁን። እኔ ዝም አልኩ። ወንድሜ ግን የአፓርትመንታችንን ስምና የቤት ቁጥራችንን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ምናልባት ቢጠፋ ለፖሊስ እንዲናገር እናታችን ያስጠናችው አድራሻ ነበር። ሰውዬው «ይህ ለዚህ መንገድ ልጆች ነው» አሉና በሩን ዘጉት። በቁጣ አልነበረም፤ ቀስ ብለው ነው የዘጉት።

እናቴ ከእግረኛው መንገድ ላይ ሆና ሁሉንም ታይ ነበር። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ እንዲህ አለች፦ «እኛም ልጆች ሳለን በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ለማለት ከልደታ ተነሥተን እስከ ኦልድ ኤርፖርት በእግራችን እንሄድ ነበር። ውሻ አባሮናል፤ ዘበኛም መልሶናል። በሩ ከተከፈተልን በኋላ ግን የየት ሰፈር ልጆች ናችሁ ያለን ሰው አላስታውስም።» ቀጥላም ወደ ወንድሜ ዞራ «አድራሻህን በደንብ አጥንተሃል፤ ጎበዝ!» አለችው። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልጨመርኩ እውነቱን ጎዶሎ አደርገዋለሁ። በዚያች ሌሊት ወደ አፓርትመንታችን ስንመለስ ከእኛ ትይዩ የሚኖሩት አሮጊት በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከረሜላ የሞላ ሳህን ጭናቸው ላይ አድርገው አገኘናቸው። በሕንፃው የነበሩት ልጆች ሁሉ እንደ እኛ ወደ ሌላ ሰፈር ተወስደው ስለነበር አንድም ልጅ አልመጣላቸውም። አሮጊቷ ሳህኑን በሙሉ በትራስ ልብሳችን ውስጥ ገለበጡልን። እኛ የሰው ደጅ ተዘጋብን ብለን አዝነን ስንመለስ፣ ተከፍቶ የጠበቀንን ደጅ ግን ሳናየው አልፈን ሄደን ነበር። ወደ ሌላ ሰፈር ልጆቻችሁን የምትወስዱ እኅቶችና ወንድሞች ይህን አስቡልኝ። መሄዱ ጥፋት አይደለም፤ አስቀድሞ ግን የጎረቤትን በር ማንኳኳት ይገባል።

ለመሆኑ ይህ ከደጅ ደጅ መዞር ከየት መጣ? ሃሎዊን የሚለው ስም የተገኘው በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት ኖቬምበር 1 ቀን ከሚከበረው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር በእነዚህ ቀናት ድሆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ትንንሽ የነፍስ ዳቦ ይቀበሉ፣ ስለ ሰጪው ቤት ሙታንም ይጸልዩ ነበር። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ተዝካር የምናውቅ ሰዎች ነን። በሙታን ስም ነዳያንን ማብላት ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። የዛሬው የልጆች ከረሜላ ልመና በአሜሪካና በካናዳ የተስፋፋው ከ1920ዎቹ ወዲህ ሲሆን፣ የቀድሞው ጸሎት ቀርቶ ደጅ ማንኳኳቱ ብቻ ቀርቷል። ሆኖም ሥሩን ብንመረምር ያለው ቤት ለሌለው ሰው የሚከፈትበት ሌሊት ነበር።

ልጆች ከሰፈራቸው ወጥተው የሚሄዱትም ለከረሜላው ብቻ አይደለም። በ42 ዓመታት ውስጥ (ከ1975 እስከ 2016) በአሜሪካ የደረሱ የመኪና አደጋዎችን የመረመሩ ሐኪሞች በሃሎዊን ምሽት እግረኛ በመኪና ተገጭቶ የመሞቱ አደጋ ከሌሎች ምሽቶች በ43 በመቶ እንደሚበልጥ አግኝተዋል። እናት ይህን ቁጥር ባታነብም በዓይኗ ታየዋለች፤ ስለዚህ መብራትና የእግረኛ መንገድ ወዳለበት ትሄዳለች። መብራቱና የእግረኛ መንገዱ አንድ ሰፈር ኖሮ ሌላው ሰፈር የጎደለውም በአጋጣሚ አይደለም። በዚህ አገር ቤት ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚያስገድዱ ውሎች ነበሩ፤ ፍርድ ቤቶች እነዚህን ውሎች እንዳያስፈጽሙ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው በ1948 ነው። በቤት ሽያጭና ኪራይ ማዳላትን የሚከለክለው ሕግ የወጣው ደግሞ በ1968 ነው። «የዚህ መንገድ ልጆች» እነማን እንደሚሆኑ ልጆቹ ሳይወለዱ ተወስኖ ነበር ማለት ነው።

በ2014 አንድ ባለ ሀብታም ሰፈር ነዋሪ ስሌት ለተባለው መጽሔት የምክር ዓምድ በጻፈው ደብዳቤ፣ በሃሎዊን ወደ ደጁ የሚመጡት አብዛኞቹ ልጆች የሰፈሩ ልጆች አለመሆናቸውን ገልጾ፣ ለድሆች ርዳታ ግብር እየከፈለ ለእነርሱም ከረሜላ መግዛቱ እንደማይገባው አማረረ። የዓምዱ አዘጋጅ የነበረችው ኤሚሊ ዮፌ አጥብቃ ገሠጸችውና በቂ ከረሜላ እንዲገዛ መከረችው። ደብዳቤው በአገሩ ሁሉ ብዙ አነጋገረ። እኔም ባነበብኩት ጊዜ በጸሐፊው ላይ በጣም ተቆጥቼ ነበር። የአምስተኛው ቤት ሽማግሌ እርሱ መስሎኝ ነበርና።

ወንድሞችና እኅቶች፤ አሁን ወደ በደሌ ልግባ። ከጊዜ በኋላ እግዚአብሔር ረድቶን፣ እናቴም ሁለት ሥራ ሠርታ፣ ዛፍ ያለበት ሰፈር ቤት ገዛን። በ2022 ሃሎዊን ሰኞ ዋለ፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን፣ የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ነበር። ጠዋት ተሳልሜ መጥቻለሁ። ማታ ሳህን ይዤ ደጅ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ጎረቤቶቻችን መኪኖች ከውጪ እየመጡ መንገዱን እንደሞሉት እርስ በርሳቸው ያጉረመርሙ ጀመር። ቅሬታው ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም፤ አትክልት የሚረግጥም፣ ሳያመሰግን በሁለት እጁ ዘግኖ የሚሮጥም ጎረምሳ ነበር። እንዲህ ያለውን ለመከልከል ሕግ ያወጡ ከተሞችም አሉ። በቨርጂኒያ የምትገኘው የቼሳፒክ ከተማ በ1970 ባወጣችው ደንብ ከ12 ዓመት በላይ የሆነው ልጅ ከረሜላ ሲለምን ቢገኝ እስከ 6 ወር ሊታሰር ይችል ነበር፤ በ2019 ዕድሜው ወደ 14 ከፍ ብሎ እስራቱ ተሰረዘ። እኔ ግን ልናገር የፈለግሁት ስለ ጎረምሶቹ አይደለም።

ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች መጡ። ታላቂቱ ታናሺቱን በእጇ ይዛለች። እናታቸው በስፓኒሽ ከእግረኛው መንገድ ላይ ታበረታታቸዋለች፤ የቆመችበት ቦታ እናቴ ቆማበት ከነበረው ጋር አንድ ነው። ሳህኑን ዘረጋሁ። ከዚያም አፌ ራሱን ችሎ የተናገረ ያህል «የምትኖሩት የት ነው?» አልኳቸው። ታላቂቱ መልስ አልሰጠችኝም፤ በጣቷ ወደ መኪናቸው ብቻ አመለከተች። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰጠሁና ገባሁ፤ የበረንዳውንም መብራት አጠፋሁት። ሳህኑ ከግማሽ በላይ ሙሉ ነበር። ከረሜላውን ለሦስት ሳምንት በላነው፤ የቀረው ቸኮላት ወተት ስላለበት ጾመ ነቢያት ሲገባ አውጥተን ጣልነው።

ስለዚህ ነገር ንስሐ ከገባሁ በኋላ መጽሐፈ ሩትን እንደገና አነበብኩ። እግዚአብሔር በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እና በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ባለ እርሻው የማሳውን ዳር ጠርጎ እንዳያጭድ፣ የረሳውንም ነዶ ሊወስድ እንዳይመለስ አዝዟል፤ የተረፈው ለመጻተኛ፣ ለድሃ አደግና ለመበለት ነው። ልብ በሉ፤ መጻተኛ ማለት የዚያ ሰፈር ሰው ያልሆነ ማለት ነው። ለጎረቤት ልጅ ብቻ የሚተው ቃርሚያ በሕጉ ውስጥ የለም።

ሩትም ሞዓባዊት ነበረች። ሞዓባዊ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ በኦሪት ተጽፎ ነበር፤ ቤተ ልሔም ስትደርስ ዘመድ የምትለው አማቷን ብቻ ነበር። ቦዔዝ በማሳው ላይ ባያት ጊዜ ልጅቱ የማን እንደሆነች ጠየቀ። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ የአምስተኛው ቤት ሽማግሌ የጠየቁትን፣ እኔም የጠየቅሁትን ያንኑ ጥያቄ ጻድቁም ጠይቆታል! የሌላ አገር ሰው መሆኗም ሳይሸሸግ ተነገረው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን ተመልከቱ። ወደ ሌላ ማሳ እንዳትሄድ ነገራት፤ ከሠራተኞቹ ውኃ እንድትጠጣ ፈቀደላት፤ በምሳ ጊዜ አብራ አስቀመጣት። ጎልማሶቹንም ከነዶው ውስጥ ሆን ብለው እየጣሉ እንዲተዉላት አዘዛቸው። ማታ የቃረመችውን ብትወቃው አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ሆነ። እርሱ የጠየቀው እጁን ሊዘረጋ ነው፤ እኔ የጠየቅሁት እጄን ልሰበስብ ነው። ቅዱስ ማቴዎስ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቈጥር ይህችን ከሌላ ሰፈር የመጣች ሴት በስሟ ጠርቷታል።

ባለ ጠጋውና አልዓዛርም ትዝ ይሉኛል። ወንጌሉ ባለ ጠጋው አልዓዛርን ከደጁ አባረረው አይልም፤ የሰደበውም አይመስልም። መብራቱን አጥፍቶ እንደተቀመጠ ሰው ነበር።

በቤታችን ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከጅምላ መደብር አብዝተን እንገዛለን። እናቴ ዳቦ ቆሎ ካልሰጠሁ ብላ ነበር፤ ያልታሸገ ምግብ ወላጆች እንደሚጥሉት ብንነግራት አዘነች፤ አሁንም አላመነችንም። ከመግዛታችን በፊትም ቀድሞ የነበርንበት አፓርትመንት ሄደን አሮጊቷን እንጠይቃቸዋለን፤ በሕይወት አሉ፤ ሳህናቸውንም እስካሁን ያወጣሉ። ማታ ደጅ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ወንድሜ አድራሻ እንዳልጠይቅ ከኋላዬ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ በዚህም ይስቅብኛል።

እነዚያን ሁለት እኅትማማቾች ተመልሰው ቢመጡ ብዬ ሦስት አራት ጊዜ ሳህኑን እንደያዝኩ እስከ መንገዱ ጫፍ ወጥቻለሁ። አልመጡም። ወይም መጥተው ይሆናል፤ ልጆቹ አድገው፣ ጭምብልም አጥልቀው ስለሚመጡ ማን ማን እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።