ቤት ስንሠራ ማንን እንጠራለን?

 

በቀደም ከደርስ በኋላ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ። አዲስ አበባ ሠርቶ ባጠራቀመው ብር ለወላጆቹ የብሎኬት ቤት ሊሠራ አስቧል። እናቱ ግን የጭቃው ቤት አይፈርስም ብለዋል። «ኡስታዝ፣ እኔ ለእነሱ ብዬ ነው። ሰው ሲመጣ እኮ ያሳፍራል! ለምንድን ነው እምቢ የምትለኝ?» አለኝ። ቶሎ መልስ መስጠት አቃተኝ፤ ነገሩ የእኔም ስለሆነ።

ያደግኩት ከነቀምቴ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ በጭቃ ቤት ነው። ሲሠራ ልጅ ብሆንም አልረሳውም። መጀመሪያ የባሕር ዛፍ ቋሚ ተተከለ። ከመሬት የሚገባው ጫፍ ምስጥ እንዳይበላው በእሳት ተለብልቦ ነበር። የወለጋ ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ በተለይ በነጆና በመንዲ በኩል ምስጥ የቤት ሁሉ ጠላት ነው። ከዚያ ማገር ተመታ፣ ቆርቆሮ ተመታ። ጭቃው የመጣው በመጨረሻ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ ከጤፍ ጭድና ከውሃ ጋር ተረገጠ፤ ከዚያ እስኪቦካ ለቀናት ተተወ። የቦካ ጭቃ ሽታው አይጣል ነው፤ ጭዱ በደንብ ያልበሰበሰበት ጭቃ ግን ግድግዳ ላይ አይዝም፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል።

ጭቃ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይመርገውም። የሚረግጥ፣ የሚያቀብል፣ ከውስጥና ከውጭ ሆኖ እኩል የሚመርግ ያስፈልጋል። ስለዚህ አባቴ ደቦ ጠሩ። ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም መጣ። እናቴ ጨጨብሳና ቀሪቦ አዘጋጀች። ምርጊቱ ሲደርቅ የሰፈሩ ሴቶች በእበት ለሰኑት። እያንዳንዱ ጎረቤት የትኛውን ጥግ እንደመረገ ያውቅ ነበር፤ ለዓመታት «ያ የእኔ ግድግዳ ነው» እየተባለ ይቀለድ ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት ያንን ቤት አፍርሼ በብሎኬት ሠራሁላቸው። ግንበኛ ቀጠርኩ፣ ሲሚንቶ ገዛሁ፣ በሦስት ወር አለቀ። ጎረቤቶች በመንገድ ሲያልፉ «ማሻአላህ» ይሉ ነበር። ከእነሱ መካከል አንድ ሽማግሌ ግን ከአባቴ ጋር ቡና እየጠጡ «ልጅህ እጃችንን ጭቃ ሳያስነካን ጨረሰው» አሉ። ምስጋና መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አባቴ ግን ዝም አሉ። አሁንም ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡት ሳይፈርስ በቀረው የጭቃ ማድ ቤት ውስጥ ነው።

እንዳትሳሳቱ፣ ወደ ጭቃ እንመለስ እያልኩ አይደለም። እናቴ ክረምት በወጣ ቁጥር ዝናብ የበላውን የግድግዳ ግርጌ ጎንበስ ብላ ስትለስን ወገቧን እየያዘች ነበር። የጭቃ ቤት የሚናፍቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ለስኖት የማያውቅ ሰው ነው። (እኔንም ይጨምራል።) በዲናችንም ድህነት በራሱ ምስጋና የለውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰፊ ቤትን ከሰው ልጅ የደስታ ምክንያቶች ቆጥረውታል። የመዲናው መስጂዳቸው ከጭቃ ጡብ፣ ከቴምር ግንድና ከቴምር ዝንጣፊ የተሠራ ነበር፤ በአንድ የረመዳን ሌሊት ዝናብ አፍስሶበት በውሃና በጭቃ ላይ ሱጁድ ማድረጋቸው ተዘግቧል። በኋላ ግን በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን ያው መስጂድ በተጠረበ ድንጋይ ታድሷል። ስለዚህ ጥያቄው የዕቃው ጉዳይ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ጓደኛዬ «ደቦ ፍቅር አይደለም፣ ልውውጥ ነው» ብሎ ይከራከረኝ ነበር። ዛሬ እኔ እመርግልሃለሁ፣ ነገ አንተ ትመርግልኛለህ፤ ገንዘብ ሲገኝ ልውውጡ አያስፈልግም፣ ይቀራል። ከዚህ በላይ የሚያስለቅስ ነገር የለም ይል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ጎረቤቶቻችንን ያመጣቸው ችግር ነበር። ነገር ግን ሶላትስ? በቀን አምስት ጊዜ የምንቆመው ታዘን ነው፤ መታዘዛችን የሶላቱን ፍቅር ሐሰት አላደረገውም። እንዲያውም ብዙዎቻችን መጀመሪያ በግዴታ ቆምን፣ ፍቅሩ በኋላ መጣ። ችግርም እንዲሁ ሰውን እስከ በር ሊያደርስ ይችላል፤ ከገባ በኋላ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። አባቴና እኚያ ሽማግሌ ለሠላሳ ዓመት ቡና የጠጡት ጭቃ ሊለዋወጡ አልነበረም።

በማሌዥያ ያሉ ሙስሊም ወንድሞቻችንም ይህን ያውቁታል። የጥንቱ የማሌይ ቤት በእንጨት ቋሚዎች ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ እንጨቱ ያለ ሚስማር በሽብልቅ እየተገጣጠመ፣ ጣሪያው በዘንባባ ቅጠል ይከደናል። እንደ እኛ ምሰሶ እዚያም ቀድሞ የሚቆም የክብር ቋሚ አለ። ባለቤቱ ቦታ መቀየር ሲፈልግ የመንደሩ ወንዶች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ በትከሻቸው ተሸክመው ይወስዱለት ነበር። የኮንክሪት ቤት ትከሻ አይፈልግም። ዛሬ እዚያም ብዙው ሰው በኮንክሪት ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው።

እንግዲህ ችግሩ ሲቀር ጎረቤትን ምን ይጠራዋል? እዚህ ላይ አንድ ሐዲሥ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት በግድግዳችን ላይ እንጨት ሊሰካ ቢፈልግ እንዳንከለክለው አዘዋል። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ሰዎች ፊታቸውን ሲያዞሩ አይተው አጥብቀው ይናገሩት ነበር። ዑለማዎች ግዴታ ነው ወይስ የተወደደ ሥራ በሚለው ተለያይተዋል፤ ኢማሙ አሕመድ ግዴታ ነው ብለዋል። ግድግዳው የአንተ ነው፤ ጎረቤት ግን በውስጡ ድርሻ አለው። እኛ ደግሞ አጥራችን ላይ የጠርሙስ ስባሪ እንተክላለን! ሌባን ብሎ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በእኔ ሰፈር ከአጥሩ ጋር አብሮ የጠፋው የሴቶቹ የጓሮ መተላለፊያ ነው፤ እሳት የሚጫጫሩበት፣ ሊጥ የሚበዳደሩበት። ፕላን ስናስነሳ ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅኩም።

ለወጣቱ ያልኩት ይህን ነበር፦ «እናትህን ለምን እምቢ እንዳለች ጠይቀሃታል?» አልጠየቃትም። የጠየቃት ስለ ክፍሎቹ ብዛትና ስለ ቀለሙ ነበር። ማታ ደወለላት። ግድግዳውን ከመረጉት ጎረቤቶች ሦስቱ መሞታቸውን ነገረችው። የአንዷ የእጅ ጣቶች አሻራ ከምድጃው በላይ አሁንም እንደሚታይ፣ ልስን ስትደግምበት ያንን ቦታ እየዘለለች እንደምታልፈው ነገረችው።

የግድግዳው ግርጌ ግን በስብሷል፤ ምስጡም ወደ ቋሚው ደርሷል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት መወሰን አለበት። ሲሚንቶውን ገና አልገዛም። መጀመሪያ ለሁለት ቀን ወደ እናቱ ሄዷል።