ካንሰር ለምን በዛ? በሽተኛዋስ ምን አጠፋች?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የመስጂዱ ድምፅ ማጉያ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ። አንዲት እህታችን ካንሰር ታማለች፣ ለኬሞና ለጨረር ገንዘብ ያስፈልጋታል። ያለንን እንሰጣለን፣ ዱዓ እናደርጋለን። ስንበተን ግን ጥያቄው አብሮን ይወጣል፦ ይህ በሽታ ለምን እንዲህ በዛ? አንዱ "የቂያማ ምልክት ነው" ይላል። ሌላው "ፈረንጅ በምግብ የላከብን ነው" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ምን ወንጀል ሠርታ ይሆን?" ይላል። ዛሬ ይህን ሦስተኛውን እንመልከተው፤ ሰው የሚገድለው እሱ ነውና።

በመጀመሪያ የበዛው ለምን እንደሆነ እንወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ታማሚዎች ነበሩ። በ2050 ቁጥሩ ከ35 ሚሊዮን ያልፋል ተብሎ ይጠበቃል። በዓለም አማካይ ከአምስት ሰዎች አንዱን በሕይወት ዘመኑ ያገኘዋል። ሶፍ ላይ ስትቆም ግራና ቀኝህን ቁጠርና አስበው።

የመጀመሪያው ምክንያት ብዙዎቻችንን ይገርመናል፦ ረጅም ዕድሜ ነው። የሰውነታችን ሕዋስ በተባዛ ቁጥር ስህተት ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ካንሰር በአብዛኛው ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ነው። በኩፍኝ፣ በወባ፣ በወሊድ ይሞት የነበረው ሰው አልሐምዱሊላህ ዛሬ ለሽበት ይበቃል። ነብያችን (ሶ.ዐ.ወ) ስለ መታከም ሲጠየቁ ታከሙ ብለው፣ አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳወረደ ነግረዋል፤ አንድ ነገር ብቻ ለይተዋል፣ እሱም እርጅና ነው። ከዚህ ላይ የምርመራው መስፋፋት ይጨመራል። አያቶቻችን "ሆዷን አሟት ሞተች" ይሉት የነበረው ዛሬ ስሙ እየታወቀ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እጃችን የሠራው ነው። አይዛክ አድለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 ስለ ሳንባ ካንሰር መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ይህን ያህል ብርቅ ስለሆነ በሽታ መጻፍ ያስፈልጋል ወይ ብሎ እንደ ማመንታት ብሎ ነበር። ያ ብርቅ በሽታ ዛሬ በዓመት ወደ 1.8 ሚሊዮን ሰው ይገድላል። በመሃል የመጣው በፋብሪካ የተጠቀለለ ሲጋራ ነው። ሪቻርድ ዶል እና ብራድፎርድ ሂል የለንደን ሆስፒታሎችን ታማሚዎች ጠይቀው በ1950 ውጤቱን ሲያወጡ ግንኙነቱ ግልጽ ሆነ። "እኔ ሲጋራ አላጨስም፣ ሺሻ ብቻ ነው" የምትለኝ ወንድሜ፣ ጭሱ በውሃ ውስጥ ስላለፈ አይጠራም። በአንድ ቁጭታ የሚሳበው የሺሻ ጭስ ከአንድ ሲጋራ እጅግ ይበልጣል።

ከትምባሆ ቀጥሎ ኸምር አለ፤ ከአንድ በላይ ለሆኑ የካንሰር ዓይነቶች መንስኤ መሆኑ ተረጋግጧል። ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ቀኑን ሙሉ መቀመጥም አሉ። ሐላል ምግብ ሁሉ በማንኛውም መጠንና በማንኛውም ሁኔታ ይስማማል ማለት አይደለም። በአርሲና በባሌ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል፤ ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ እጅግ ትኩስ ገንፎና መጠጥ ነው። ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ለዚህ ካንሰር ሳያጋልጥ እንደማይቀር የካንሰር ምርምር ተቋሙ በ2016 አሳውቋል። የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) ሠሪድ ስትሠራ ትኩሳቱ እስኪወጣለት ትሸፍነው እንደነበር መዘገቡን አስታውሱ። የሻገተ ለውዝና በቆሎም ለጉበት ካንሰር የሚዳርግ መርዝ ያበቅላል።

ሦስተኛው ምክንያት ተላላፊ ቫይረስ ነው። የማህፀን በር ካንሰርን በአብዛኛው የሚያመጣው ኤች.ፒ.ቪ. የተባለ ቫይረስ ነው። ብዙ የጉበት ካንሰር የሚመጣው ከሄፓታይተስ ቢ ሲሆን፣ ይህም ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ሊተላለፍ ይችላል። ለሁለቱም ክትባት አለ። የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት በአገራችን ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። "ልጆቻችንን ለማምከን ነው" የሚለውን ወሬ በየስልካችሁ ስታስተላልፉ የቆያችሁ፣ ሳያጣሩ ማሰራጨት አላህ ዘንድ እንደሚያስጠይቅ አትርሱ። ይህን ቫይረስ አንዲት ጥብቅ ሴት ከሕጋዊ ባሏ ልታገኘው ትችላለች። ስለዚህ የማህፀን በር ካንሰር የያዛትን ሴት በክብሯ የሚጠረጥር ሰው ሕክምናውንም ዲኑንም አያውቅም።

አሁን ወደ ሹክሹክታው እንመለስ። አንዳንዶች ሱረቱ አር-ሩምን ያነሳሉ፤ በየብስና በባሕር የታየው ጥፋት ሰዎች በእጃቸው በሠሩት ምክንያት መሆኑን አላህ (ሱ.ወ) የነገረን እዚያ ነው። ልክ ነው። ግን ልብ በሉ፣ የተወሱት የሰዎች እጆች እንጂ የታማሚዋ እጅ አይደለም። ሲጋራውን የሚያመርተው ሌላ ነው፣ የሚሸጠው ሌላ ነው፣ በልጆቹ መሃል ቁጭ ብሎ የሚያጨሰው አባት ሌላ ነው፤ የምትታመመው ግን ሚስቲቱ ልትሆን ትችላለች። ጥፋቱ የማኅበረሰብ ነው፣ ሕመሙ የአንዲት ሴት ነው። ነብዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ) ያን ሁሉ ዓመት ሲታመሙ ምን ወንጀል ነበራቸው? ነብያችንም (ሶ.ዐ.ወ) ሙእሚን በሚደርስበት ሕመም፣ በምትወጋው እሾህ እንኳ ሳይቀር ወንጀሉ እንደሚማርለት አስተምረዋል። አላህ ማሕሪያ ያደረገውን እኛ የክስ ማስረጃ አድርገነዋል።

የዚህ ክስ ዋጋ ስንት እንደሆነ ልንገራችሁ። አንዲት እህት ጡቷ ላይ እብጠት ታገኛለች። አያማትም። ሰው ምን ይላል ብላ ትደብቃለች። ጥቁር አዝሙድ ትወስዳለች፣ ሩቅያ ይቀራላታል፣ ወራት ያልፋሉ። ሩቅያውም ጥቁር አዝሙዱም መልካም ናቸው፤ ጉዳቱ ሐኪሙን በእነሱ መተካቱ ነው። የጡት ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት በአብዛኛው ይድናል። በአገራችን ግን አብዛኞቹ ሴቶች ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ በሆነበት አገር፣ የዘገየ ሰው ወረፋው ራሱ ያሸንፈዋል።

"ቀደር ነው" የሚል ካለ፣ ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው የተመለሱበትን ቀን ያስታውስ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህ ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሄዱ ነበር መልሳቸው። ምሳሌም ሰጡ፦ ግመል ይዘህ አንዱ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ ብታገኝ፣ የትኛውም ላይ ብታሰማራ በቀደር ነው። አስተዋይ ግን ግመሉን ወደ ለምለሙ ይነዳል። ምርመራው ለምለሙ ሸለቆ ነው።

እፍረትም ሰበብ አይሁን። ሴት ሐኪም ከተገኘች እሷ ትቅደም፤ ካልተገኘች ግን ለሕክምና በሚያስፈልገው ልክ ወንድ ሐኪም ቢያይ ዑለሞች ፈቅደዋል።

ሰው ሲጋራን ለመተው ሲወስን ምን እንደሚሆንም ታይቷል። በአሜሪካ ከ1991 ወዲህ በካንሰር የሚሞተው ሰው መጠን በሲሶ ያህል ቀንሷል፤ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ አጫሹ መቀነሱ ነው። እጅ ያመጣውን እጅ መመለስ ይችላል።

ስለዚህ እስከ ሚቀጥለው ጁሙዓ ሦስት ሥራ ይኑረን። እናትህ ወይም እህትህ ከ30 እስከ 49 ዓመት ከሆናት ለማህፀን በር ምርመራ ጤና ጣቢያ ሄዳ ታውቅ እንደሆነ ጠይቃት፤ ካፈርክ ሚስትህ ወይም እህትህ ትጠይቅልህ። ሺሻ ቤት የሚቀጥርህ ጓደኛ ካለ ሌላ ቦታ ቅጠረው። የታመመ ስትጠይቁ ደግሞ "ምን ነክቷት ነው?" የሚለውን ጥያቄ በር ላይ ትታችሁ ግቡ፤ ውሃ ቅዱላት፣ ልጆቿን ያዙላት፣ ለቀጠሮዋ ቀን መኪና ፈልጉላት።

ያ አላህ፣ በሽተኞቻችንን ማርልን። ሕመማቸውን የወንጀል ማሕሪያ አድርግላቸው። ምላሳችንን ከቁስላቸው ላይ አንሳልን። ለሐኪሞቻችን ጥበብን፣ ለእኛም ሰበብ ማድረስን ግጠመን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።