የርቢ በግና የኮምፒዩተር ሥራ፤ ትርፉን ስንሻ ኪሳራውን ማን ይሸከመው?



 

 ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ራሴ ያጠፋሁትን ጥፋት ልነግራችሁ ነው። ምናልባት ከእኔ ስሕተት የሚማር ወንድም ወይም እኅት ቢገኝ አላህ ለእኔም ይቅርታውን ይለግሰኝ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ወረዳ፣ ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ባለ ገጠር ነው። ለንግድ ወደ አዲስ አበባ ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አልሐምዱ ሊላህ፣ የሰው እጅ የማላይበት ሀብት አላህ ሰጥቶኛል። ወለድ የሚባል ነገር ወደ ቤቴ አላስገባም ብዬ የምኮራም ሰው ነበርኩ። በዚህ ኩራቴ ላይ ነው ነገሩ የመጣው።

በ2015 ዓ.ል መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የተመረቀ የእኅቴ ልጅ ከመካነ ሰላም መጣና እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ገበሬው በጉን እየነዳ ገበያ ሲደርስ ደላላውና ነጋዴው የደሴንና የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ ጠይቀው ጨርሰዋል። ገበሬው ግን የሚያውቀው ባለፈው ሳምንት ጎረቤቱ የሸጠበትን ብቻ ነው። እኔ በየገበያው ዋጋ የሚመዘግቡ ልጆች አቁሜ ገበሬው በተራ ስልኩ፣ በአጭር መልእክት እንዲያገኘው አደርጋለሁ። በግ በብዛት የሚፈልገውን ነጋዴ ደግሞ ከሻጩ ጋር አገናኝቼ ከነጋዴው የአገልግሎት ክፍያ እቀበላለሁ።»

ሐሳቡ ደስ አሰኘኝ። ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከለጋምቦና ከሳይንት ደጋ ወደ ከተማ የሚወርደውን በግ ብዛት፣ በተለይም ዐረፋ ሲቃረብ ያለውን ግርግር የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ልጁ ወደ እኔ የመጣው ባንክ መያዣ ስለሚጠይቀው፣ ከዚያም በላይ ወለድ ስለሚፈራ ነበር። 120 ሺህ ብር ሰጠሁት። ውላችንም «ሥራው ቢሳካም ባይሳካም በዓመቱ 150 ሺህ አድርገህ ትመልስልኛለህ» የሚል ሆነ። ለዚህ ውል የሰጠነው ስም ምን ነበር መሰላችሁ? «ሽርክና» አልነው!

ለዐረፋ ሥራው ተጀመረ። ጥቂት ነጋዴዎችም ከፈሉ። ነሐሴ 2015 ሲገባ ግን በክልሉ ጦርነት ተነሣ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። መረጃውን የሚሰበስቡት ልጆች ተበተኑ፤ ገበያተኛውም መንገድ ፈርቶ ቀረ። ዓመቱ ሲሞላ እኔ ስልክ ደወልኩ። ልጁ አንዲትም ቃል አልተከራከረኝም። ኮምፒዩተሩን ሸጦ 8 ሺህ ብር ላከልኝና «ጋሼ፣ የቀረውን ቀስ በቀስ እከፍላለሁ» አለኝ። በኋላ እናቱ እንደነገረችኝ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሰው ተሸሽጎ ይውል ነበር።

ሸኹ ያቀረቡልኝ ጥያቄ

ልጁ የላከውን ብር ልቤ አልቀበል አለኝ። ወደማከብራቸው አንድ ሸኽ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አስረዳሁ። እሳቸውም መልስ ከመስጠታቸው በፊት «አባትህ በግ ርቢ ሲሰጡ አላየህም?» ብለው ጠየቁኝ።

እንዴት አላየሁም! ባለ በጉ እናት በጊቱን ይሰጣል፤ አርቢው ጉልበቱንና ግጦሹን ይሰጣል፤ የተወለደውን ይካፈላሉ። በጊቱ ታማ ብትሞት አርቢው ቆዳዋን ይዞ መጥቶ ያሳያል። አባቴ ቆዳውን አይተው «አላህ ይተካ» ብለው ሲያሰናብቱ በዓይኔ አይቻለሁ። «በጌን ከነግልገሏ ክፈለኝ» ሲሉ ግን አንድ ቀንም አልሰማሁም። አርቢው በቸልተኝነት ለጅብ ከጣላት ግን ሽማግሌ ተቀምጦ ይከፍላል። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ውል በሙስሊምና በክርስቲያን ጎረቤታሞች መካከልም ሳይቀር ሲሠራበት የኖረ ነው።

ሸኹም «ታዲያ የእኅትህ ልጅ የሞተችውን በግ ቆዳ አምጥቶ አሳየህ፤ አንተ ግን ከቆዳው ላይ ግልገል ትጠይቃለህ። ይህ ሽርክና ሳይሆን ሪባ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ስለ እንስሳ ርቢ ራሱ የፊቅህ ሊቃውንት አንድ አቋም የላቸውም። ከሐንበሊዎች የፈቀዱት አሉ፤ ብዙዎቹ ሊቃውንት ደግሞ አልፈቀዱትም። እኔ ሙፍቲ አይደለሁምና ይህን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። ነገር ግን ሸኹ ያስተማሩኝ መሠረቱ በሙዳረባ (ቂራድ) ላይ የጸና ነው። ይኸውም አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ሥራውን ያቀርባል፤ ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ፣ በግማሽ ወይም በሲሶ ይካፈላሉ፤ ኪሳራ ቢመጣ ግን ባለገንዘቡ ገንዘቡን፣ ሠራተኛው ድካሙን ያጣሉ። ለባለገንዘቡ ቁርጥ ያለ የብር መጠን መወሰን ወይም ያላጠፋውን ሠራተኛ የዋናው ገንዘብ ዋስ ማድረግ አይፈቀድም።

ኢማም ማሊክ በሙወጠእ እንደዘገቡት፣ የዑመር (ረ.ዐ) ልጆች ዐብዱላህና ዑበይዱላህ ከበስራው ገዢ ከአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ የሕዝብ ገንዘብ ተቀብለው ነገዱበትና አተረፉ። ዑመርም ዋናውንም ትርፉንም ለሕዝብ ካዝና እንዲመልሱ አዘዙ። ዑበይዱላህ «ገንዘቡ ቢጠፋ ከፋዮቹ እኛ አልነበርንምን?» የሚል ክርክር አቀረበ። በመጨረሻም አንድ ሰው በሰጠው ሐሳብ መሠረት ነገሩ ቂራድ ተደርጎ ትርፉ ለሁለት ተከፈለ። ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ትርፍ አደጋን ከመሸከም ጋር የተያያዘ መሆኑን አይደለምን?

አዲስ ሥራ በብድር ለምን አይቆምም?

ፈረንጆች እንዲህ ዓይነቱን ጅምር «ስታርታፕ» ይሉታል። ሱቅ ከመክፈት ይለያል። ባለሱቁ ስኳር ቢገዛ ስኳሩ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ቢከስር እንኳ የሚሸጠው አያጣም። የቴክኖሎጂ ጀማሪ ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ለወራት ሥራ ነው። ፕሮግራም ይጽፋል፤ ይሞክራል፤ ያፈርሳል፤ እንደገና ይሠራል። ሰው ይፈልገው እንደሆነ የሚታወቀው ካወጣ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ይወድቃሉ። የቆመው ግን ለመቶ ሰው የሠራውን በጥቂት ተጨማሪ ወጪ ለመቶ ሺህ ሰው ሊያዳርስ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሥራ በየወሩ ቁርጥ ክፍያ በሚጠይቅ ብድር መጀመር ግልገል ሳትወልድ በጊቱን ማረድ ነው።

ይህን የወለድ አገሮቹ ሰዎች ራሳቸው ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ በ1957 በአሜሪካ ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ዲጂታል የተባለውን የኮምፒዩተር ድርጅት ሲያቋቁሙ፣ አንድ የኢንቨስትመንት ኩባንያ 70 ሺህ ዶላር አውጥቶ ከድርጅቱ 70 በመቶውን ድርሻ ያዘ። ድርጅቱ ቢወድቅ የአክሲዮኑ ገንዘብ ጠፍቶ ነበር። አልወደቀም፤ ድርሻውም ብዙ መቶ እጥፍ አደገ። የዛሬዎቹ ታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ያደጉት በአብዛኛው በዚህ መንገድ፣ በድርሻ ነው። እኛ በኪታባችን ያለንን ሌላው ሲያተርፍበት እኛ ለምን ራቅነው?

«እኛ እኮ ከወለድ ነፃ ባንክ አለን» የሚል አይጠፋም። አልሐምዱ ሊላህ፣ ይህ ታላቅ ኒዕማ ነው። በ2004 ዓ.ል የብሔራዊ ባንክ መመሪያ አገልግሎቱ በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በመስኮት ብቻ እንዲሰጥ ፈቅዶ ነበር። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ለማየት እስከ 2013 ዓ.ል ጠብቀናል። በዚያ ዓመት ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ። ይሁን እንጂ እነዚህ ባንኮችና መስኮቶች በአብዛኛው የሚሠሩት በሙራበሐ ነው። ባንኩ ዕቃ ገዝቶ፣ ትርፉን አሳውቆ፣ በጊዜ ክፍያ ይሸጣል። ይህ ለነጋዴና ለመኪና ገዢ ይሆናል። የወራት የጭንቅላት ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ግን የሚገዛለት ዕቃ የለም፤ የሚያስይዘውም ቤት የለውም። በአደራ የተቀመጠ የሰው ገንዘብ የያዘ ባንክ ሊሸከመው የማይችለውን አደጋ፣ የራሳችንን ገንዘብ የያዝን እኛ መሸከም እንችላለን።

በግብፅ በሚት ገምር ከተማ ዶክተር አሕመድ አል-ነጃር እ.ኤ.አ በ1963 ከወለድ ነፃ የቁጠባ ተቋም ሲመሠርቱ የሰበሰቡት ከመኳንንት አልነበረም፤ ከዴልታው ገበሬና ከትንሽ ነጋዴ ነበር። ተቋሙ ዕድሜው አጭር ቢሆንም ለኋለኞቹ ኢስላማዊ ባንኮች በር ከፈተ። ሚት ገምር የቻለችው ለመካነ ሰላም ልጆች እንዴት ይከብዳል?

መጥረቢያዋና እጀታዋ

አቡ ዳውድ ከአነስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ አንድ የአንሷር ሰው ሊለምን ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። ቤቱ ያለው አንድ ምንጣፍና አንድ የውሃ መጠጫ ብቻ ነበር። ነቢዩም ሁለቱን አስመጥተው በጨረታ በሁለት ዲርሃም ሸጡለት። በአንዱ ዲርሃም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት። መጥረቢያውን ሲያመጣ በተከበረው እጃቸው እጀታ ገጠሙለትና እንጨት ለቅሞ እንዲሸጥ፣ እስከ 15 ቀንም እንዳያዩት ነገሩት። ሲመለስ አሥር ዲርሃም አግኝቶ ነበር።

እስቲ እናስተውል። የቤቱን ወጪና የሥራውን ገንዘብ ለዩ፤ መሣሪያውን በእጃቸው አገዙት፤ የሚገመገምበት ቀን ቆረጡለት። በዚህ ሚዛን ስመዝን ጥፋቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። የእኅቴ ልጅ መዝገብ አልያዘም። የሥራውን ብርና የኪሱን ብር በአንድ ሒሳብ አስቀምጦ ከሥራው ገንዘብ የቤት ኪራይ ከፍሏል። ክህደት አልነበረም፤ ልምድ ማጣት ነው። አላህ ግን በአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛ አያ፣ ከቁርኣን አያዎች ሁሉ በረዘመችው፣ ውልን እንድንጽፍና ምስክር እንድናቆም ያዘዘን እንዲህ ያለውን እያወቀ ነው። እኔም እጀታ የምገጥምለት አጎት መሆን ሲገባኝ በዓመቱ ስልክ የምደውል ባለዕዳ አስጨናቂ ሆንኩ።

ስለዚህ በአዲስ አበባ፣ በደሴም ሆነ በውጭ አገር ለምትኖሩ፣ አላህ ለሰጣችሁ ወገኖቼ የምለው ይህን ነው። ዘካችሁን አላልኩም፤ ዘካ የራሱ ባለመብቶች አሉት። በሂሳባችሁ ውስጥ ተኝቶ ዋጋው ከሚወርደው፣ ወይም አጥር ታጥሮ ከሚቀመጠው መሬት ላይ፣ ቢጠፋ የማያደኸያችሁን ያህል ለዩ። አምስትና ስድስት ሆናችሁ እንደ ዕቁብ ተሰብሰቡ። ለአንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን ለብዙዎች በድርሻ ስጡ፤ የአንዱ በግ ቢሞት የሌላው ትወልዳለችና። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አታፍስሱት፤ ሥራው ደረጃ በደረሰ ቁጥር ጨምሩ።

ወጣቶች ሆይ! ዛሬ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ያስተምራል። ትምህርቱ ወደ ደጃችሁ መጥቷል። ግን የሰው ገንዘብ አማና ነው። የሥራውን ሒሳብ ለዩ፤ በየወሩ ለባለድርሻው አሳዩ፤ ሲከስርም ሳትደብቁ ቆዳውን ይዛችሁ ኑ። ዑለማዎቻችንም በየመስጂዱ ስለ ሪባ ሐራምነት እንዳስተማሩን ሁሉ የሙዳረባን ውል እንዴት እንደምንጽፍ ቢያሳዩን ጥማታችንን ያረካሉ።

እኔ 8 ሺውን ብር መለስኩ። የቀረውንም ዕዳ በምስክር ፊት ሰረዝኩ። ከእኅቴ ልጅ ጋር ሁለተኛ ውል ጽፈናል፤ ከትርፉ ስድሳው ለእርሱ፣ አርባው ለእኔ፣ ዋናው ገንዘብ ቢከስር ኪሳራው የእኔ ነው። ኮምፒዩተርም ተገዝቷል። ይሳካ አይሳካ አላህ ያውቃል። ዛሬ ግን ልጁ ስልኬን ሲያይ አይደነግጥም፤ እኔም ስደውል የምጠይቀው «ብሬስ?» ብዬ ሳይሆን «ምን ጎደለህ?» ብዬ ነው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሽርክናችንን የበረካ፣ ልባችንንም ለወንድሞቻችን የሚራራ ያድርግልን። ለአገራችንም ሰላም ያውርድልን። አሚን።