ግራ እጃችንን እናንሣ



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ ጊታር ነው። ስለ ጊታር መጻፍ ለነፍስ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምነዋለን፤ ነገሩ የጊታር ብቻ ሆኖ አልቀረምና።

እንደምታውቁት የመዘምራኑ መሣሪያ ተጫዋቾች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን እንለማመዳለን። ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ኪቦርድና ከበሮ አለን። በዚህ መካከል አንድ ወንድማችን ዘመዱ ከውጭ አገር ያመጣለትን ባሪቶን ጊታር ይዞ መጣ። ባሪቶን ጊታር ሲያዩት ከተራው ጊታር ብዙ አይለይም፤ ክሮቹም ስድስት ናቸው። ነገር ግን አንገቱ ረዘም፣ ክሮቹም ወፈር ያሉ ናቸው። በተራው ጊታር የክሩ ርዝመት ከድልድዩ እስከ አንገቱ ጫፍ 25 ኢንች ያህል ሲሆን፣ በባሪቶኑ ብዙውን ጊዜ ከ27 እስከ 30 ኢንች ይደርሳል። ቅኝቱም ወረድ ያለ ነው፤ የወንድማችን ጊታር ወፍራሙ ክር በኢ ፈንታ ከበታቹ ያለውን ቢ ይሰጣል። እንግዲህ ከቤዝ ከፍ፣ ከጊታር ዝቅ ብሎ በመካከል የሚኖር ድምፅ ነው። በመካከል መኖር ግን ቀላል አይደለም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ መዝሙሩ በጂ ነበር። ወንድማችን እንደ እኛው የጂን ኮርድ ያዘ፤ ከመሣሪያው የወጣው ግን ዲ ሆነ። ሁላችንም ሣቅንበት። እርሱም ቤቱ ሄዶ አጠናና፣ ጂ እንዲሰማ የሲን፣ ኤ እንዲሰማ የዲን አያያዝ መያዝ እንዳለበት ተምሮ በሳምንቱ ተመለሰ። ኮርዱ ገጠመ፤ ድምፁ ግን አልገጠመም። በየምቱ ስድስቱንም ክር ሲመታ ቤዙ ተዋጠ፣ የዘማሪዎቹም ቃል ጠፋ። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥7 ድምፃቸው ተለይቶ ስለማይታወቅ መሣሪያዎች የተናገረው በእኛ ላይ ደረሰ። ከመካከላችንም አንዱ፣ «ይህን ተውና እንደ ሰው ጊታር ይዘህ ና» አለው። የቀረነው ዝም አልን፤ ዝምታችንም መስማማት ነበር።

ከዚያ በኋላ ወንድማችን ሁለት ቅዳሜ ቀረ። ልንጠይቀው ቤቱ ስንሄድ እናቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉንና፣ «ልጆቼ፣ ልጄ ምን አጥፍቶ ነው? ጊታሩን አልጋ ሥር ከቶታል» አሉን። ስኒያችንን እንደያዝን አንገታችንን ደፋን፤ ምንም አላጠፋም ነበርና። በእናቱ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልምምድ ከመጀመራችን በፊት 1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 15ን አነበብን። ዳዊት ታቦቱን ሲያመጣ ሌዋውያኑን ሁሉ አንድ ዓይነት መሣሪያ አላስያዛቸውም። ለጸናጽሉ፣ ለመሰንቆውና ለበገናው እያንዳንዳቸው በስማቸው ተመድበው ነበር። እኛ ግን ሁላችን በአንድ በር ለመግባት እንጋፋ ነበር።

ስለዚህ አንድ መዝሙር መረጥን፤ በመጀመሪያ እያንዳንዳችን ለብቻ፣ ቀጥሎም ከባሪቶኑ ጋር ሁለት ሁለት እየሆንን መታነው። በዚህ ጊዜ የተገኘው ነገር አሳፈረን። ከባሪቶኑ ጋር አብልጦ የሚጋጨው የኪቦርዱ ግራ እጅ ኖሯል! ኪቦርድ የሚመታው ወንድማችን ግራ እጁን አነሣ። አንደኛው ጊታርም ወደ ቀጫጭኖቹ ክሮች ወጣ። ባሪቶኑ በበኩሉ ስድስቱን ክር መምታት ትቶ ሁለት ወይም ሦስቱን ብቻ እየለቀመ፣ ቃሉ ሲዘመር ዝም ይላል፤ ዘማሪዎቹ ትንፋሽ ሲወስዱ ይመልሳል። በአዝማቹ ላይ ደግሞ መዳፉን ክሮቹ ላይ ጣል አድርጎ የቤዙን መንገድ ይከተላል፤ ያን ጊዜ ቤዙ ይጠራል እንጂ አይዋጥም። በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ የነበሩ ሙዚቀኞችም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባለ ስድስት ክር ቤዝ ይዘው እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ወገኖቻችን ሆይ፤ «ቦታህን ፈልግ» የሚባለው ሁልጊዜ አዲስ መጪው ነው። እኛም እንዲያ ብለን ነበር። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም፤ በእኛው ግራ እጅ ተይዞ ነበር። እርሱ ሦስትና አራት ክር ተወ፤ እኛም አንድ እጅ አነሣን፤ መዝሙሩም ተሰማ። ጳውሎስ ስለ ብዙ ብልቶችና ስለ አንድ አካል ያስተማረውን በቃላችን እናውቀው ነበር፤ በእጃችን ግን አላወቅነውም።

እስቲ ዙሪያችንን እንመልከት። በአነጋገሯ የምንሥቅባት ከገጠር የመጣች እኅት የለችምን? በጥናት ሰዓት ጥያቄ አበዛ ብለን ዝም ያሰኘነው ወንድም የለምን? እነዚህስ ስጦታቸውን አልጋ ሥር ከትተው ቤት ቀርተው እንደ ሆነ ማን ሄዶ ጠየቃቸው? «ለምን አይስማሙም?» ከማለታችን በፊት «ቦታቸውን የያዘው የእኔ እጅ ይሆን?» ብለን እንጠይቅ።

ከመንፈሳዊ አገልግሎት የሚገፋን ሳይሆን የሚጋብዝ ልብ እግዚአብሔር ይስጠን። አሜን።