ራሱን የቻለ

«ማንም አልረዳኝም፤ ለዚህ የበቃሁት በራሴ ጥረት ነው» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ይሆናል። እኔማ ስንቴ ብየዋለሁ! ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን በዚሁ ንግግር አሰልችቻቸዋለሁ። ይህን አመል ያስተወኝ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የቡና አበባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴፒ አካባቢ ቡና ያላቸው አጎት አሉኝ። አንድ መጋቢት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ የሚወስደውን መንገድ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከደረቁ ወራት በኋላ ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው በአንዴ ነጭ ይለብሳል፣ አገሩ ሽቶ ሽቶ ይላል። በጥቂት ቀን ውስጥ ደግሞ አበባው ይረግፋል። ፍሬው እስኪቀላ ወራት መጠበቅ ነው።

አጎቴ ከማሳቸው ዳር የቆመ ትልቅ ዋንዛ አሳዩኝ። «ጣውላ ነጋዴ ጥሩ ዋጋ ሰጥቶኛል። የጎረቤቴ ቀፎ ግን እላዩ ላይ ነው። ንቦቹ ለቡናህም ይበጁሃል ይለኛል። አንተ የተማርከው ምን ትላለህ?»

አላመነታሁም። «ጋሼ፣ የእኛ ቡና እኮ ራሱን የቻለ ነው። የአረቢካ አበባ ወንዴውንም ሴቴውንም ይዟል። የራሱ የአበባ ዱቄት በራሱ ሴቴ ክፍል ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ቀጭን ቱቦ አብቅሎ ወደ ዘሩ ቋት ይወርዳል። ቋቱ ፍሬ ይሆናል፣ ውስጡ ያለው ዘር ደግሞ ቡናችን። ንብ ባይመጣም ያፈራል» አልኳቸው።

ዋንዛው ተቆረጠ። ቀፎውም ወረደ።

ዋሸሁ እንዴ? አልዋሸሁም። የተናገርኩት መጽሐፍ ላይ ያለ ነው። ግን ግማሹን ነው። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የኢንዶኔዥያ ጥናት አነበብኩ። ሱላዌሲ ደሴት ላይ የበቀለው ያው የእኛ አረቢካ፣ ሦስት ያህል የንብ ዓይነት ሲጎበኘው ከአበባው 60 በመቶው ገደማ ፍሬ ይቋጥራል፤ ሃያ ዓይነት ሲጎበኘው 90 በመቶ ይደርሳል። ከጫካው በራቀ ቁጥር ደግሞ በማኅበር የሚኖሩት ንቦች ዓይነት ይቀንሳል። ይባስ ብሎ፣ በ2024 የታተመ የዘረመል ጥናት ራሱ አረቢካ ከ600,000 ዓመት ገደማ በፊት ሁለት የተለያዩ የቡና ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ መሆኑን አስረዳ። «ራሱን የቻለ» ያልኩት የሁለት ባዳ ልጅ ኖሯል!

ያለ ሰው መኖር መቻልና ያለ ሰው መኖር ለካ አንድ አይደሉም። ቡናው ብቻውን ቢቀር አይሞትም፤ ግን ያፈራውን ሁሉ ብቻውን አላፈራም። እኔስ? ደብተሬና የደንብ ልብሴ የተገዛው በዚያው ማሳ ቡና ነው። ስለዚህ «በራሴ ጥረት» ስል አጎቴን ብቻ አይደለም የረሳሁት፤ ከሰው ቀፎ ተነስተው አበባውን የጎበኙትን ንቦች ጭምር ነው። ደሞዝ ያልጠየቀ ውለታ ውለታ አይባልም? ያልቆጠርነው ዕዳስ ዕዳ አይደለም?

የአጎቴ ምርት በዚያ ምክንያት ቀንሶ እንደሆን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ባለፈው ዓመት ግን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እኔማ ጣውላዬን ሸጫለሁ፤ ይቅርታው የእኔ አይደለም» አሉና በከዘራቸው የጎረቤታቸውን አጥር አሳዩኝ።

ሄድኩ። ሰውየው በደንብ ተቀበሉኝ፤ ቡናም ተፈላ። እንደ ድሮው ግን ማር አልቀረበም።